የጣሉትን ለመግዛት ባሕር መሻገር

ቶኪዮ ውስጥ ሺሞኪታዛዋና ኮኤንጂ በሚባሉት ሰፈሮች አሮጌ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ተደርድረዋል። ከደንበኞቻቸው መካከል አሁን አሁን ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣት ወንዶች እየበዙ ነው። አንዱ የጂንስ ሱሪ ያነሳል፣ እግሩን ገልብጦ የውስጡን ስፌት ያያል፣ የወገቡን ቁልፍ ጀርባ በጣቱ ይዳስሳል፣ ከፍሎ ይወጣል። ሱሪው የተሸመነውም የተሰፋውም አሜሪካ ነው። ለብሶ የጨረሰው አሜሪካዊ ነበር፤ አላስፈልግ ሲለው የጣለውም እሱው ነው። አሁን ሌላ አሜሪካዊ ትኬት ቆርጦ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻግሮ፣ አገሩ የጣለውን በብዙ እጥፍ ዋጋ ሊመልስ መጥቷል።

ይህን ጉዞ እንደ ፋሽን ወረት አይቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር አይበታለሁ። አሮጌ የወንድ ልብስ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥራ ነው። አቅጣጫው ተቀይሯል፤ ዛሬም እየተቀየረ ነው። በተቀየረ ቁጥር ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ያረጀ ሁሉ ውድ አይሆንም፤ ውድ የሚሆነው ማንበብ የሚችል ሰው ያገኘው ልብስ ነው። አንባቢው ዕውቀቱ ካለበት አገር ወደሌለበት አገር ይሄዳል፣ በርካሽ ይገዛል፣ ይመለሳል። ዕውቀቱ ሲዳረስ ርካሹ ያልቃል፤ ያን ጊዜ መንገዱም ይለወጣል።

የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ጃፓኖች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1945 ሽንፈት በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በኡኤኖ ጣቢያ አጠገብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ አሜዮኮ የሚባል ጥቁር ገበያ በቀለ። ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የወጣ ዕቃና ልብስ እዚያ ይቸበቸብ ነበር። የተራበና የተሸነፈ ሕዝብ የአሸናፊውን ሱሪና ጃኬት በቅርብ ማየት የጀመረው በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ነገሩ ከጉጉት ወደ ጥናት ተሸጋገረ። በ1965 ቴሩዮሺ ሃያሺዳ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየዞረ የተማሪዎቹን ኮት፣ ሸሚዝና ጫማ ያነሳበት «ቴክ አይቪ» የተባለ መጽሐፍ ጃፓን ውስጥ ታተመ። አሜሪካውያን ያንን የዕለት ልብሳቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ ለአፍታም አልታሰባቸውም ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ2010 ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ርቀት የጃፓን ገዢዎች ምን ያህል ቀድመው እንደነበር ይነግረናል።

ዕውቀቱ ግን ያለ ገንዘብ አይጓዝም። መስከረም 22 ቀን 1985 አምስት የኢንዱስትሪ አገሮች ኒው ዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ተስማሙ። ከስምምነቱ በፊት አንድ ዶላር ወደ 240 የን ይመነዘር ነበር፤ በ1988 መጀመሪያ ወደ 120 ገደማ ወረደ። የቶኪዮና የኦሳካ ነጋዴ አሜሪካ ውስጥ ያለው አቅም በሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ እጥፍ ሆነለት ማለት ነው። መኪና ተከራይተው በገጠር ከተሞች የሚዞሩ፣ የአሮጌ ሱቅ ባለቤት አሳምነው ምድር ቤቱን የሚያስከፍቱ፣ ሳይሸጥ ከነማርካው ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠ ሱሪና ሸሚዝ የሚጭኑ ገዢዎች የበዙት ያን ጊዜ ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዴና ውስጥ፣ በሮዝ ቦውል ስታዲየም ዙሪያ ከ1968 ጀምሮ በየወሩ ሁለተኛ እሑድ የሚቆመው ገበያ ዋና መሰብሰቢያቸው ሆነ። ጎህ ሳይቀድ ለመግባት ከመደበኛው በላይ ይከፍላሉ፤ ነጋዴው ዕቃውን ከመኪና ሳያወርድ በእጅ ባትሪ እያበሩ ይመርጣሉ። የሰልባጅ ወዳጅ የሆነ አዲስ አበቤ ይህ አይጠፋውም። አዲስ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀንና ሰዓት ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ መርካቶ ያስተምራል።

ምን ያነብቡ ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ሥር ይህ ነው። የሊቫይስን 501 ሱሪ እንውሰድ። ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ሊቫይ ስትራውስ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ኪስ በመዳብ ሪቬት የማጠንከር የፈጠራ መብት ያገኙት ግንቦት 20 ቀን 1873 ነው። ከዚያ ወዲህ ሱሪው ብዙም የተለወጠ አይመስልም፤ ለሚያነብ ሰው ግን በየዘመኑ ምልክት ትቷል። የቀበቶ ማስገቢያ የተጨመረለት በ1922 ነው። ከኋላ ኪሱ ጫፍ የምትወጣው ቀይ ቁራጭ ጨርቅ በ1936 መጣች። የኋላ ኪስ ሪቬቶች ወንበርና ኮርቻ እየቧጨሩ ስላስቸገሩ በ1937 ከጨርቁ በታች ተደበቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክር መቆጠብ ግድ ስለነበር ኪሱ ላይ ያለው ቅስት ስፌት ቀርቶ በቀለም ተሳለ፤ ያ ሱሪ ዛሬ ከተገኘ ቀለሙ ታጥቦ ጠፍቶ ኪሱ ባዶ ይመስላል፣ ያላወቀም ይንቀዋል። በ1971 ደግሞ ቀይዋ ጨርቅ ላይ ያለው የድርጅቱ ስም አጻጻፍ ተለወጠ፤ እስከዚያ በሙሉ በትልቅ ፊደል ይጻፍ የነበረው ስም «ኢ» ፊደሉ ትንሽ ሆነ። በአንዲት ፊደል መጠን ልዩነት የሱሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይወጣል ወይም ይወርዳል።

የጨርቁ ጠርዝም ይነበባል። በመወርወሪያ የሚሸመን ጨርቅ ማጉ ጫፍ ላይ ደርሶ ስለሚመለስ ጠርዙ ራሱን ይዘጋል፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚያወጣው ነጠላ ጠርዝ የማይተረተረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የድሮው ጂንስ የተሸመነው በጠባቡ የመወርወሪያ ማሽን ስለሆነ የእግሩ ውጭ ጎን ስፌት ሲገለበጥ በቀይ ክር ያጌጠ ንጹሕ ጠርዝ ያሳያል። ፋብሪካዎች ሰፊና ፈጣን ማሽን ሲያስገቡ ያ ጠርዝ ጠፋ። ገዢው እግሩን የሚገለብጠው ይህን ለማየት ነው።

የወታደር ልብስ ሲሆን ንባቡ የበለጠ ቀጥተኛ ነው። የአሜሪካ ጦር ኤም-65 የሚባለው ጃኬት ውስጥ የተሰፋው ማርካ የግዢ ውል ቁጥር ይዟል፤ በቁጥሩ መካከል ያሉት ሁለት አኃዞች የበጀት ዓመቱን ይናገራሉ። 67 ካለ ውሉ የ1967 ነው። የእንግሊዝ ኮት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ልብስ በራሽን መታደል የጀመረው ሰኔ 1941 ነው፤ በቁጠባ ደንብ የተሠራ ልብስ «ሲሲ41» የሚል ምልክት ይታተምበት ነበር። በ1942 የሱሪ ግርጌ እጥፋትና ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ተከለከሉ። ለንደን ውስጥ በፖርቶቤሎ ገበያ መደብ ላይ ያንን ምልክት ያገኘ ሰው ጦርነቱ የአንድን ተራ ሠራተኛ ኪስና ቁልፍ ሳይቀር እንዴት እንደቆጠረ በእጁ ይዟል።

ለምን የወንድ ልብስ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የወንድ ኮትና ሱሪ ቅርጽ ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ የ1950ዎቹ ጃኬት ዛሬ ተለብሶ ቢወጣ ሰው ዞር ብሎ አያይም። ሁለተኛው የበለጠ የሚያስገርም ነው። የክት ልብስ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ይተርፋል። የማዕድን ቆፋሪ፣ የከብት ጠባቂ፣ የመርከብ ጫኝ ልብስ ግን ሰውየው ሥራ ላይ ይጨርሰዋል፤ የተረፈው ለመጥረጊያ ይውላል። በሚሊዮን የተሠራው ልብስ ብርቅ፣ በጥቂቱ የተሠራው ደግሞ ብዙ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ የዛሬ ሀብታም የሚሽቀዳደምለት ልብስ በአብዛኛው የድሃ ሰው ልብስ ነው።

ይህ ነገር በጥቅምት 2022 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ግልጽ ማስረጃ አገኘ። ከተተወ የማዕድን ጉድጓድ የወጣ የ1880ዎቹ የሊቫይስ ሱሪ በጨረታ 76,000 ዶላር ተሸጠ፤ የጨረታው ኮሚሽን ሲታከል 87,400 ደረሰ። ድርጅቱ ራሱ በ2001 የዚያኑ ዘመን ሱሪ በ46,532 ዶላር መልሶ ገዝቶ ነበር። የኒው ሜክሲኮው ሱሪ ኪስ ውስጥ ግን ብዙዎች ከዋጋው ባነሰ ድምፅ የሚያነሱት ጽሑፍ ታትሟል፤ በነጭ ሠራተኞች ብቻ የተሠራ ብቸኛ ምርት መሆኑን ይናገራል። ቻይናውያን ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ የከለከለው የ1882 ሕግ በወጣበት ዘመን ድርጅቱ ገዢ ለመሳብ የተጠቀመበት መፈክር ነበር። እኔ ልብስ ማንበብ ስል ይህንንም ጭምር ነው። ሪቬቱን ቆጥሮ ኪሱ ውስጥ ያለውን የሚዘልል ሰብሳቢ ግማሹን ብቻ አንብቧል።

ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈላጊ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ ያገኛል። የሴንት-ዋን ገበያ የተወለደው ከከተማው ቆሻሻ ውስጥ ጨርቅ፣ አጥንትና ብረት እየለቀሙ ከሚኖሩ ሰዎች ነው። በ1883 መጨረሻ የፓሪስ አስተዳዳሪ ዩጂን ፑቤል እያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው የቆሻሻ መያዣ እንዲኖረው አዘዘ፤ የለቃሚዎቹ ኑሮ ጠበበ፣ ከከተማው ግንብ ውጭም ሰፈሩ። ዛሬ ቱሪስት የሚያጣብበው ገበያ መሠረቱ የእነሱ መደብ ነው። የእኛን ቆራሌና ልዋጭ፣ የምናለሽ ተራን ሠራተኞች የሚያውቅ አንባቢ የሴንት-ዋንን አጀማመር ለመገመት አይቸገርም። በዚያ ገበያ በብዛት የሚፈለገው የወንድ ልብስ የፈረንሳይ ሠራተኞች ሰማያዊ ጃኬት ነው፤ ወፍራም ጥጥ፣ ሰፋፊ ኪሶች፣ በመታጠብ ብዛት የነጣ ቀለም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ፎቶግራፍ አንሺ ቢል ከኒንግሃም በ2016 እስኪሞት ድረስ ካሜራውን አንግቶ የሚዞረው በዚህ ጃኬት ነበር። እሱ የወደደው ርካሽና ኪሳም ስለነበረ ነው፤ የእሱን ፎቶ ያዩ ሰዎች ግን ዋጋውን አስወደዱት።

ጣሊያንም ሁለት ቦታ አላት። ኔፕልስ አጠገብ ኤርኮላኖ ያለው የሬዚና ገበያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ላይ ከተባባሪዎቹ ጦር ጭነት በተሰረቀ ልብስ ተጀመረ። ፕራቶ ደግሞ የዓለምን አሮጌ ሱፍ ፈትታ እንደገና ስትፈትል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል።

አሁን አቅጣጫው ለምን ዞረ ወደሚለው ልመለስ። ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ተገናኙ። አንደኛው የምንዛሪው ነገር ነው። በ1985 ጃፓኖችን ወደ አሜሪካ የላከው ኃይል በተቃራኒው ሠራ፤ በ2022 መገባደጃ አንድ ዶላር 150 የን ደረሰ፣ በ2024 ከ160 አለፈ። በዚያው ዓመት ጃፓን 36.87 ሚሊዮን ጎብኚ አስተናገደች፤ እስከዚያ ከታየው ሁሉ የበለጠ ነበር። ዶላር ለያዘ ሰው በቶኪዮ ሱቅ የተሰቀለው የአገሩ አሮጌ ጃኬት ከአገሩ ይልቅ እዚያ የሚረክስበት ቀን መጣ። ሁለተኛው፣ ስልክ ነው። ማርካውን ፎቶ አንስቶ በደቂቃ ውስጥ ዘመኑንና የመጨረሻ የሽያጭ ዋጋውን ማየት ይቻላል። በፓሳዴና መደብ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰው የአባቱን ጃኬት በአምስት ዶላር የሚለቅበት ዘመን አብቅቷል። ሐሰተኛውም አብሮ ጎልብቷል፤ ማርካ እየቀዱ አዲስ ጨርቅ በፀሐይና በኬሚካል የሚያስረጁ ሰዎች የዕውቀቱ ጥላ ናቸው።

ሦስተኛው ምንጩ መድረቁ ነው። ለጃፓን ገዢዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። የድሮው ሱሪ እያለቀ መሆኑን ሲያዩ ኦሳካ ውስጥ እንደ ስቱዲዮ ዳርቲዛንና ኤቪሱ ያሉ ድርጅቶች አሮጌውን ፈትተው፣ ክሩን መርምረው፣ እንደ ጥንቱ ሠሩት። የአሜሪካን አሮጌ ማሽኖች ገዝተው ወሰዱ የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው ያመነው ነው፤ ሐቁ ግን የራሳቸውን የቶዮዳ የመወርወሪያ ማሽን መጠቀማቸው ነው። በአንጻሩ ለሊቫይስ ጨርቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሸመነው፣ ከ1905 ጀምሮ የሠራው የሰሜን ካሮላይናው ዋይት ኦክ ፋብሪካ በ2017 መጨረሻ ተዘጋ። ልብሱን የፈጠረው አገር የመሥራት አቅሙን ሲጥል፣ የተማረው አገር አነሳው። ዛሬ አሜሪካዊው ወጣት ቶኪዮ ሄዶ አሮጌውንም አዲሱንም ከአንድ መንገድ ላይ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና በቶኪዮና በፓሪስ ብቻ ካየነው የታሪኩ ትልቁ ክፍል ያመልጠናል። የበለጸጉት አገሮች ለበጎ አድራጎት የሰጡት ልብስ አብዛኛው በአገራቸው አይሸጥም፤ በቦንዳ ታስሮ ይጫናል። ከዓለም ታላላቅ አሮጌ ልብስ አስመጪዎች አንዷ ፓኪስታን ናት፤ ካራቺ ባሉት መጋዘኖች ሠራተኞች ክምሩን በዓይነትና በጥራት ይለያሉ። በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ያለው ሮንግ ክሉአ፣ ናይሮቢ ያለው ጊኮምባ፣ አክራ ያለው ካንታማንቶ የዚሁ ጅረት ማቆሚያዎች ናቸው። የታይላንድ ነጋዴዎች የአሮጌውን ልብስ ዋጋ ቀድመው አውቀው የአሜሪካ ቲሸርትና ጂንስ ከክምሩ እየለቀሙ ለጃፓን፣ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሻጮች ያቀብላሉ። በለንደን ወይም በቶኪዮ ሱቅ «የተገኘ» የሚባለው ጃኬት ከዚያ በፊት በብዙ እጅ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያም በዚህ ጅረት ጠርዝ ላይ ናት። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ከበርበራ ወደብ በቶጎ ውጫሌ በኩል ጅግጅጋና ድሬዳዋ፣ ከዚያም መርካቶ ይደርሳል። ክልከላው የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ሐሳቡን እቀበላለሁ። ግን የሰልባጅ ነጋዴዎቻችን ያላቸውን የጨርቅ ዕውቀት ማንም አለመመዝገቡ ያሳዝነኛል። ሱፉን በጣት አሽቶ ንጹሕ መሆኑን የሚለይ፣ ኮቱን ገልብጦ ገበሩ በእጅ ይሁን በማሽን የተሰፋ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የፒያሳ አንጋፋ ልብስ ሰፊዎችማ የኮት ውስጥ አሠራር ሲያዩ የሰፊውን ትምህርት ይናገራሉ። ይህ በኦሳካ ወይም በፓሪስ ቢሆን ሙያ ተብሎ ስም የሚያስገኝ ችሎታ ነው። እኛ ዘንድ ከኮንትሮባንድ ጋር ስለሚጠራ ይታፈርበታል እንጂ አይኮራበትም።

እንግዲህ ዛሬ ለአንድ ልብስ ወዳድ ባሕር መሻገሩ ያዋጣል? ርካሽ ኮት ፍለጋ ከሆነ አያዋጣም። የአውሮፕላን፣ የማደሪያ፣ የሻንጣ ተጨማሪ ኪሎ ተደምሮ ከሱቅ ዋጋ ይበልጣል፤ ብዛት ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጉምሩክ እንደ ንግድ ያየዋል። ነጋዴ ካልሆነ በቀር ሒሳቡ አይዘጋም። እኔ አሁንም ሂዱ የምለው በሌላ ምክንያት ነው። ፎቶ የጨርቅ ክብደት አይሰጥም። ሞልስኪን የሚባለው የፈረንሳይ ጥጥ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሆነ፣ የ1940ዎቹ የእንግሊዝ ሱፍ እንዴት እንደሚሻክር የሚታወቀው በእጅ ነው። አንድ ጠዋት በሴንት-ዋን ወይም በፓሳዴና ሃምሳ ኮት የዳሰሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በአዲስ ልብስ ሱቅ የሚሸጥለትን ነገር በሌላ ዓይን ያየዋል። ሻጩንም ያነጋግር፤ ልብሱ ከማን ቤት እንደወጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ያ ካልተጠየቀ ከእሱ ጋር ይጠፋል።

የቆዩት ገዢዎች አሁን አንድ ቅሬታ ደጋግመው ያነሳሉ፤ የካራቺ መጋዘኖች ተለውጠዋል ይላሉ። ቀድሞ ቦንዳው በኪሎ ተመዝኖ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ጥሩው ጃኬት ቀድሞ ተለይቶ ይቀመጣል፣ በቪዲዮ ጥሪ ለማንችስተርና ለባንኮክ ገዢ በነጠላ ይታያል፣ በነጠላም ዋጋ ይጠራለታል። ጉዞውም ትርጉሙን አጣ፣ ዕድልም ጠፋ ይላሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ነገር ግን እነሱ ዕድል የሚሉት በአብዛኛው የሌላው ወገን አለማወቅ ነበር። አሁን ማርካውን የሚያነብ ሰው ክምሩ አጠገብ ተቀምጧል። የቀረው፣ ከዚያ ከሚጨምረው ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ ከመጋዘኑ ባለቤት አልፎ ቀኑን ሙሉ አቧራ እየተነፈሰ ለሚለየው ሠራተኛ ይደርሳል የሚለው ነው፤ የቶኪዮም የፓሪስም ሻጭ ዛሬ ሊጠየቅ የሚገባው ይህንን ነው።